ፓራሹት ዘላዮችን የሚጭኑ ትናንሽ አይሮፕላኖች የአበራረር ሥርዓት

መግቢያ

ድርቅ ባጠቃቸውና መኪና በማይደርስባቸው አካባቢዎች መድኃኒት፣ አልሚ ምግብና ባለሙያ በፍጥነት ለማድረስ ትናንሽ አይሮፕላኖች የሚሰጡት አገልግሎት ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ አይሮፕላኑ እንዲመደብ የሚጠይቀው ባለሥልጣን፣ ጭነቱን የሚያዘጋጀው የመጋዘን ኃላፊና ሜዳውን የሚጠብቀው የእርዳታ ሠራተኛ አብራሪው የሚመራበትን ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በሚገባ አያውቁትም። ካለማወቅም የተነሣ፣ በቅን ልቦና ቢሆንም፣ «ይህች አንዲት ከረጢት ብትጨመር ምን ይጎዳል?» የሚል ግፊት በአብራሪው ላይ ያሳድራሉ።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ያንን ሥርዓት ከነምክንያቱ ማስረዳት ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው የበረራ ዘርፍ ለስፖርት በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችን ወደ አየር የማውጣት ሥራ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። አንደኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚውሉት እንደ ሴስና 182 እና 206፣ ሴስና ካራቫን፣ ፒላተስ ፖርተርና ትዊን ኦተር ያሉት አይሮፕላኖች በእርዳታ በረራም የታወቁ ናቸው። ሁለተኛ፣ በዚህ ሥራ በሩ በአየር ላይ ይከፈታል፤ ክብደቱ በበረራ ላይ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ አብራሪ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ሜዳውም ብዙ ጊዜ ሣር ወይም አፈር ነው። እነዚህ አራት ሁኔታዎች በእርዳታ ሥራም ያጋጥማሉ። ሦስተኛ፣ ዘርፉ ብዙ ሕይወት ከፍሎ የተማራቸው ትምህርቶች በይፋ የምርመራ ሪፖርቶች ተመዝግበው ይገኛሉ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. አደጋዎቹ ያስተማሩት

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2008 ባወጣው ልዩ ጥናት፣ ከ1980 ጀምሮ ዘላዮችን በሚያወጡ አይሮፕላኖች ላይ በደረሱ 32 አደጋዎች 172 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ዘላዮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ፓራሹታቸው እምቢ ብሎ ሳይሆን ያሳፈራቸው አይሮፕላን ወድቆ ነው። ቦርዱ ካመለከታቸው ጉድለቶች ውስጥ የአይሮፕላን ጥገና ማነስ፣ ከበረራ በፊት የሚደረግ ፍተሻ መጓደል፣ ክብደትን በትክክል አለማስላትና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያደርገው ክትትል መላላት ይገኙበታል።

ሁለት ምሳሌዎችን መመልከት ይበቃል። መስከረም 1985 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር በጄንኪንስበርግ አንድ ሴስና ካራቫን እንደተነሣ ሞተሩ ኃይል አጥቶ ወድቆ 16 ዘላዮችና አብራሪው ሞተዋል። ምርመራው በነዳጁ ውስጥ ውኃና ባዕድ ነገር መገኘቱን፣ የቅድመ በረራ ፍተሻው በቂ አለመሆኑን፣ አይሮፕላኑም ከተፈቀደለት በላይ መጫኑን አረጋግጧል። ሚያዝያ 1992 በካሊፎርኒያ በፔሪስ አንድ ትዊን ኦተር በተመሳሳይ የነዳጅ ብክለት አንዱን ሞተር በመነሣት ላይ እያለ አጣ። በዚያ የጭንቅ ቅጽበት በስሕተት ከሥራ ውጭ የተደረገው ደኅናው ሞተር ነበር። ከተሳፈሩት 22 ሰዎች 16ቱ ሞቱ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ መሠረታዊ ነገር ይወጣል። አደጋው የታየው በአየር ላይ ቢሆንም መነሻው ምድር ላይ ነበር። ከነዳጁ ጥቂት ናሙና ቀድቶ በብርሃን መመልከት የደቂቃዎች ሥራ ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንዲሉ፣ በዚህ ሥራ መሬት ላይ ያልታረመ ጉድለት በአየር ላይ የሚታረምበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ቀጥለው የሚዘረዘሩት የሥርዓቱ ደረጃዎች ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

2. ከመነሣት በፊት

ሀ) ነዳጅ። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር፣ በየማለዳውም ከመጀመሪያው በረራ በፊት፣ ከታንኩ ሥር ናሙና ወጥቶ ውኃና ቆሻሻ አለመኖሩ ይታያል። ነዳጁ ከበርሜል በሚቀዳበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልጋል። መጠኑም በመለኪያው ብቻ ሳይሆን በታንኩ ውስጥ በሚገባ መለኪያ ዘንግ ይረጋገጣል።

ለ) ክብደት። እያንዳንዱ ዘላይ የሚመዘገበው ከነፓራሹቱና ከነልብሱ ተመዝኖ ነው። በግምት መሥራት የሚያስከትለውን ስሕተት ለማሳየት አንድ የልምምድ ስሌት እንመልከት። ሊሸከም የሚችለው ጠቅላላ ክብደት 1,270 ኪሎ ግራም የሆነ አንድ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ባዶውን 770 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። አብራሪው 80፣ እያንዳንዳቸው 95 ኪሎ ግራም የሆኑ አራት ዘላዮች 380፣ አንድ መቶ ሊትር ቤንዚን 72 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ድምሩ 1,302 ይሆናል። ትርፉ 32 ኪሎ ግራም ነው። ነዳጅ ተቀንሶ ወደ ገደቡ ይመለስ ቢባል 44 ሊትር ወጥቶ 56 ሊትር ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሞተር በሰዓት 50 ሊትር ያህል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፣ የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ሲነሣለት ለአንድ ምልልስ የሚተርፈው ጠባብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ አንድ ዘላይ መቅረቱ ነው። የሚቀረው ሰው ቅር ይለው ይሆናል፤ ሆኖም በሚቀጥለው በረራ ይሄዳል።

ሐ) የክብደት አደላደል። ጠቅላላው ክብደት በገደቡ ውስጥ ሆኖም ወደ ኋላ ካደላ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብ ይሰዳል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ክንፎቹም የመሸከም ኃይላቸውን ያጣሉ። ሐምሌ 2019 በስዊድን በኡሜኦ አቅራቢያ ዘጠኝ ሰዎች በሞቱበት አደጋ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ወደ ኋላ ያደላ ጭነትና ደመና አንድ ላይ ተገናኝተዋል። ስለሆነም እያንዳንዱ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ከመሳፈሩ በፊት ይወሰናል፤ በሚነሡበት ጊዜም ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

መ) ገለጻ። አብራሪውና የዝላይ መሪው የመብረሪያውን አቅጣጫ፣ ከፍታውን፣ የነፋሱን ሁኔታ፣ የምልክቶቹን ትርጉምና በአደጋ ጊዜ የሚደረገውን በቃል ይነጋገራሉ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የዝላዩ ዕቅድ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ይገለጣል፤ የሬዲዮ ግንኙነትም ከዝላዩ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ መመሥረት አለበት።

3. መሳፈርና መነሣት

ሰዎች ወደ አይሮፕላኑ የሚቀርቡት ከክንፉ ኋላ በኩል ነው። በአፍንጫው ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር በፍጥነቱ ምክንያት ለዓይን ስለማይታይ፣ ሞተር ጠፍቶ መሳፈር ከሁሉ የተሻለ ነው። ይህ የማይቻል ሲሆን አንድ የተመደበ ሰው በክንፉ አጠገብ ቆሞ ማንም ወደ ፊት እንዳያልፍ ይጠብቃል።

ዘላዮች ብዙ ጊዜ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ይህ የተፈቀደ ቢሆንም ቀበቶ ከማሠር ነፃ አያደርጋቸውም። ቀበቶው አይሮፕላኑ መንቀሳቀስ ከጀመረበት አንሥቶ ከመሬት 450 ሜትር ያህል እስኪደርስ ድረስ አይፈታም። ያልታሠረ ሰው በግጭት ጊዜ ራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውንም ይጎዳል። የራስ ቁርና ማንኛውም ልቅ ዕቃም እንደዚሁ ይያዛል።

አብራሪው አይሮፕላኑን የሚያነሣው በመመሪያው በተጻፈው ፍጥነትና አወጣጥ ነው። ተሳፋሪን ለማስደሰት ተብሎ ወዲያው ከተነሡ በኋላ በኃይል መታጠፍ ወይም ሽቅብ መምዘግዘግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሰኔ 2019 በሐዋይ 11 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ኃይለኛ አነሣሥ እንደነበረ ምርመራው አመልክቷል።

4. ወደ ላይ መውጣት

በመውጣት ላይ አብራሪው የሞተሩን ሙቀት፣ የነዳጁን መጠንና በአካባቢው የሚበሩ ሌሎች አይሮፕላኖችን ይከታተላል። ከፍታ ሲጨምር የኦክስጅን ጉዳይ ይነሣል። በአሜሪካ ደንብ አብራሪው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,810 ሜትር ከፍታ አልፎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ከ4,270 ሜትር በላይ ደግሞ ጊዜው ምንም ቢሆን፣ ተጨማሪ ኦክስጅን መጠቀም አለበት። የኦክስጅን እጥረት የሚያስፈራው ሰውየው መድከሙን ሳያውቅ ማመዛዘን ስለሚያሳጣው ነው።

ይህ ነጥብ ለደጋ አገር ልዩ ትርጉም አለው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚህ ከፍታ ተነሥቶ ከመሬት 3,000 ሜትር የሚወጣ አብራሪ ከባሕር ወለል ከ5,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። በዚህም ላይ በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው የሜዳ ርዝመትም ይጨምራል። ስለዚህ በቆላ ሜዳ ላይ የተፈቀደ ጭነት በደጋ ሜዳ ላይ እንዲሁ አይፈቀድም።

5. መልቀቅ

ነፋስ ባለበት ጊዜ አይሮፕላኑ ብዙውን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ በመውረጃው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይበራል። በ60 ሴኮንድ ነፃ ውድቀት ጊዜ፣ በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ አየር አንድን ዘላይ 600 ሜትር ያህል ይወስደዋል። የመልቀቂያው ነጥብ ይህንና ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ የሚኖረውን መንሳፈፍ አስልቶ የሚወሰን ነው።

በዘላዮች መካከል የሚተወው ጊዜም አይሮፕላኑ ከመሬት አንጻር በሚጓዝበት ፍጥነት ይለካል። በአየር ውስጥ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን ነፋስ በሌለበት ቀን 250 ሜትር ለመራቅ 6 ሴኮንድ ይበቃዋል። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ግን ለዚያው ርቀት 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ትናንት የበቃው ቆጠራ ዛሬ ሁለት ሰዎችን አንዱን በሌላው ላይ ሊጥል ይችላል። የነፋሱን መጠን ለዝላይ መሪው መንገር የአብራሪው ግዴታ ነው።

አብራሪው ለመልቀቅ ኃይል ይቀንሳል፤ ነገር ግን ክንፎቹ የመሸከም ኃይል ከሚያጡበት ፍጥነት በደኅና ርቀት ላይ መቆየት አለበት። በሩ ከኋላ በሆነባቸው አይሮፕላኖች ዘላዮች ወደ በሩ ሲሰበሰቡ ክብደቱ ወደ ጅራት ይሄዳል፤ በመሆኑም በአንድ ጊዜ በበሩ አካባቢ ሊቆሙ የሚችሉት ሰዎች ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል። አይሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ ያደርጋል፤ በውስጥ የቀሩትም በትእዛዙ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ጅራቱ በመውጫው ደረጃ ዝቅ ብሎ በተሠራ አይሮፕላን ዘላዩ ሽቅብ ሳይዘል ራሱን ወደ ታች መልቀቅ አለበት።

ፈቃድን በሚመለከት ሥርዓቱ ግልጽ ነው። አብራሪው፣ የዝላይ መሪውና የምድሩ ተቆጣጣሪ ሦስቱም እሺ ሳይሉ ማንም አይወጣም፤ ለማስቀረት ግን የአንዳቸው እምቢታ ይበቃል። በደመና ውስጥ መዝለል ክልክል ነው። ሜዳው በደመና ከተሸፈነ ወይም ከሰው ካልጠራ አይሮፕላኑ ይዞራል፤ ሁኔታው ካልተለወጠም ሰዎቹን ይዞ ይመለሳል።

6. ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥም

ሞተር ቢቆም የሚወሰነው እርምጃ እንደ ከፍታው ይለያያል። በብዙ የዝላይ ሜዳዎች የተለመደው፣ ከ300 ሜትር በታች ሁሉም ቀበቶ አሥሮ ከአይሮፕላኑ ጋር ማረፍ፣ ከዚያ በላይ ባለው ውስን ከፍታ በመጠባበቂያው ፓራሹት መውጣት፣ ከዚያም ከፍ ሲል እንደ ወትሮው መዝለል ነው። ትክክለኛዎቹ ቁጥሮች በየሜዳው ይወሰናሉ፤ ዋናው ነገር ቁጥሩን ሁሉም ከመነሣታቸው በፊት ማወቃቸው ነው።

ሌላው አደጋ ፓራሹት በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለ ጊዜው መከፈቱ ነው። በሩ ዝግ ከሆነ ጨርቁ ተጨብጦ ይያዛል፤ አይሮፕላኑም ያርፋል። ጨርቁ በበሩ ከወጣ ግን ባለቤቱ ወዲያውኑ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ነፋሱ ጎትቶ ከጅራቱ ጋር ያላትመዋል። በሩ ከመከፈቱ በፊት የእያንዳንዱ ዘላይ መሣሪያ የሚፈተሸው ስለዚህ ነው።

አብራሪው ራሱ የአደጋ ጊዜ ፓራሹት መልበሱም ጥቅም አለው። ኅዳር 2013 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በሱፒሪየር ዘላዮችን ይዘው አብረው ይበሩ የነበሩ ሁለት ሴስናዎች ተጋጩ። የአንደኛው ክንፍ ተገነጠለ። ዘጠኙም ዘላዮች ዘለው ወጡ፤ ክንፉ የተገነጠለበት አብራሪ በአደጋ ጊዜ ፓራሹቱ ወረደ፤ ሌላው አብራሪ የተጎዳውን አይሮፕላን አሳረፈ። አሥራ አንዱም ሰዎች በሕይወት ተረፉ።

7. መውረድና ምልልስ

ዘላዮቹ ከወጡ በኋላ አብራሪው አስቀድሞ በተወሰነ አቅጣጫ፣ ከተከፈቱት ፓራሹቶች ርቆ ይወርዳል። ሞተሩ በድንገት እንዳይቀዘቅዝም ኃይሉን ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ሳይዘል የተመለሰ ሰው ካለ አወራረዱ ይበልጥ የዝግታ መሆን አለበት። ብዙ ዘላዮች ባለቤቱ ሳይከፍተው የቀረውን መጠባበቂያ ፓራሹት በራሱ የሚከፍት መሣሪያ ይይዛሉ። ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ዓይነት ከመሬት 225 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሴኮንድ 13 ሜትር የመውረድ ፍጥነት ካገኘ ሊከፍት ይችላል። መሣሪያው ሰውየው በአየር ላይ ይሁን በወንበር ላይ አይለይም። ተጣድፎ የሚወርድ አይሮፕላን ያን ፍጥነት በቀላሉ ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ግን የምልልስ ድካም ይታሰብበት። በመጀመሪያው በረራ በጥንቃቄ የተነበበው የፍተሻ ዝርዝር በአሥረኛው በረራ በቃል ይባላል፤ በአሥራ አምስተኛው ይዘለላል። ስለሆነም ዕረፍት፣ ውኃና ምግብ እንዲሁም የነዳጅ ልኬት በሰዓት ተወስነው በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው እንጂ ለአብራሪው ብርታት የሚተው አይደሉም።

8. ለእርዳታ ሥራ የሚሆን ትምህርት

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጨረሻ በኢትዮጵያ በደረሰው ረሀብ ጊዜ የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ አይሮፕላኖች በደጋማ ቦታዎች እህል ያለ ፓራሹት፣ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ ጥለዋል። የመጣያውን ሜዳ የሚያዘጋጀውን ቡድን የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ያመላልሱ ነበር። ሄርኩለስ ትንሽ አይሮፕላን ባይሆንም የሥርዓቱ ባሕርይ አንድ ነው፤ ጭነቱ ይመዘናል፣ ሜዳው ይመረጣል፣ ከሰውና ከከብት ይጠራል፣ ምልክት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጣላል። የተራበ ሕዝብ ወደሚወርደው እህል መሮጡ ተፈጥሯዊ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ከረጢት ግን ሰው ይገድላል። ሜዳውን የሚጠብቀው የእርዳታ ሠራተኛ «አትጣል» የማለት ሥልጣኑ ከአብራሪው ሥልጣን የማያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መሠረት በረራ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ቢፈጽም የአብራሪውን ሥራ ያቀናል፦

ሀ) ጭነትን በሚዛን አስመዝኖ በዝርዝር ወረቀት ማቅረብ፤
ለ) የሜዳውን ርዝመት፣ ከፍታና የአፈር ሁኔታ፣ በተለይም ከዝናብ በኋላ፣ በትክክል ማስታወቅ፤
ሐ) በምድር ላይ አንድ ኃላፊ ብቻ መድቦ የምልክቶቹን ትርጉም ከአብራሪው ጋር አስቀድሞ መስማማት፤
መ) አብራሪው «አልበርም» ወይም «አልጭንም» ሲል ምክንያቱን መመዝገብ፣ ውሳኔውን ግን አለመጫን።

አራተኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው። ሕፃናት በሚሞቱበት ሰፈር ፊት በረራ መሰረዝ ጭካኔ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የወደቀ አይሮፕላን የዛሬውን ጭነት ብቻ አያስቀርም፤ የነገውን፣ የከነገ ወዲያውንና አብራሪውንም ይዞ ይሄዳል። አንድ አይሮፕላን ብቻ ላለው ወረዳ ይህ ማለት የእርዳታው መቋረጥ ነው።

ማጠቃለያ

የአበራረር ሥርዓት ሥራን ለማዘግየት የተፈጠረ ወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ መስመር በስተኋላው አንድ አደጋ አለው። ነዳጁ ይታይ የሚለው የጄንኪንስበርግና የፔሪስ ሙታን ትምህርት ነው፤ ማንም ከቦታው አይነሣ የሚለውም እንደዚሁ። እነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ በጸጥታና በማስተዋል ሊወሰኑ የሚችሉት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው። አብራሪው ይህን እንዲፈጽም ጊዜና ሥልጣን መስጠት የሚገባው ደግሞ በረራውን ያዘዘው ክፍል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍል 2 በተሰጠው ስሌት አንዱ ዘላይ በ60 ኪሎ ግራም መድኃኒት ቢተካ ጠቅላላው ክብደት ስንት ይሆናል? ከገደቡ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሣጥኑስ የት ቢቀመጥ ይሻላል?
2. በወረዳችሁ ያለው የማረፊያ ሜዳ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላል? ይህ በጭነት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?
3. እህል በሚጣልበት ሜዳ ላይ ሕዝቡን ለማራቅ እነማን፣ ከስንት ሰዓት በፊት፣ በምን ዓይነት ምልክት ሊሠሩ ይገባል?
4. አብራሪው በጭነት ብዛት ምክንያት በረራ ቢሰርዝ፣ የወረዳው ኃላፊ ለሚጠባበቀው ሕዝብ ጉዳዩን እንዴት ሊያስረዳ ይችላል?